«ኔትወርክ የለም» ሲባል የጠፋው የትኛው ነው?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ አካባቢ ፎቶኮፒ ቤት ገብታችሁ «ኔትወርክ የለም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ትኖራላችሁ። ተማሪው ፋይሉን በፍላሽ ይዟል፣ መብራት አለ፣ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም በርተዋል፤ ኢንተርኔት ስለሌለ ብቻ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ፕሪንተሩ በኔትወርክ የተያያዘ ከሆነ ከኮምፒውተሩ ወደ እሱ የሚሄደው ሥራ የሚያልፈው መሣሪያዎቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው ስዊች ነው። የውጭው መስመር ቢቆረጥም ስዊቹ አረንጓዴ መብራቱን እያብለጨለጨ ሥራ ላይ ነው።

ስዊች የሰፈር ሰው ነው፣ ራውተር ግን መናኸሪያ። ስዊች የሚያውቀው አብረውት የተያያዙትን ብቻ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ 48 ቢት ርዝመት ያለው ማክ አድራሻ አለው፤ ስዊቹ የትኛው አድራሻ በየትኛው ፖርት እንደመጣ እያየ ይመዘግባል። የማያውቀው ተቀባይ ሲመጣበት መልእክቱን ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ይልከዋል፤ ባለቤቱ መልስ ሲሰጥ እሱንም መዝገቡ ላይ ያሰፍረዋል። ማንም ሳያስተምረው ሰፈሩን ለይቶ ያውቃል።

ራውተር የሚያየው አይፒ አድራሻን ነው። መልእክቱ ከዚህ ኔትወርክ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ቀጥሎ ለማን እንደሚያስረክበው ይወስናል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሄድ ፓኬት ከራውተር ራውተር እየተቀባበሉት ነው የሚደርሰው። እያንዳንዱ ራውተር ከፓኬቱ ዕድሜ ላይ አንድ ይቀንሳል፤ ዜሮ የደረሰ ፓኬት ይጣላል፣ መንገድ ጠፍቶት ለዘላለም አይዞርም።

ስዊች ይህን ዕድሜ አይቆጥርም። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አንድ ሰው የአንድን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ርካሽ ስዊች ላይ ቢሰካ፣ ለሁሉም የተላከ መልእክት ማቆሚያ ሳይኖረው እየተባዛ ይዞርና በሰከንዶች ውስጥ ክፍሉን በሙሉ ያሽመደምደዋል። የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ሲርገበገቡ ካያችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ያንን ኬብል ነው። ራዲያ ፐርልማን የምትባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ዘዴ የፈጠረችው ለዚህ ነው፤ ደህና ስዊቾች እንዲህ ያለውን ዙር ራሳቸው አግኝተው ይዘጉታል።

ሁለቱን እንድናምታታ ያደረገን ቤታችን ያለው ሳጥን ይመስለኛል። «ራውተር» እንለዋለን እንጂ ራውተርም፣ ስዊችም፣ ዋይፋይ ማሰራጫም በአንድ ላይ ነው። ከኋላው ጎን ለጎን የተደረደሩት ፖርቶች ስዊቹ ናቸው፤ ለብቻው የተለየው ፖርት ደግሞ ወደ ውጭ ይወስዳል። ፖርት አንሷችሁ ሱቅ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ራውተር አትግዙ፣ ስዊች በቂ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል።

እዚህ ነገር ላይ ሙጭጭ የምልበት ምክንያት አለኝ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ነበር። ተማሪዎች መጽሐፍ የሚያወርዱበት፣ አሳይመንት የሚልኩበት መንገድ ጠፋ። የተዘጋው ግን ወደ ውጭ የሚወስደው በር ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ስዊችና ኬብል ከውጭ ሆኖ የሚዘጋ የለም።

ፔዳ በ1965 ዓ.ም. በፔዳጎጂ አካዳሚነት የመምህራን ትምህርትን ይዞ የተነሳ፣ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ጋር ተዋህዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነ ግቢ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የትምህርት ቁሳቁሱ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ሊንጠለጠል አይገባም። የእያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የሌክቸር ፋይሎችና ያለፉ ፈተናዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጡ። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት በውስጥ ኔትወርክ ያስነብባል፤ አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ይበቃዋል። ሙድል የተባለው የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያም በውስጥ ኔትወርክ ብቻ መሥራት ይችላል።

ትምህርት ክፍላችሁ ውስጥ ላብ የምትቆጣጠሩ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መስመር ሲጠፋ ተማሪዎቹን ከማስወጣታችሁ በፊት ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፒንግ አድርጉ፤ ግንኙነት መኖሩን የሚፈትን አጭር መልእክት ነው። መልስ ከመጣ ላቡ ክፍት ይቆይ፤ ተማሪዎቹ ከውስጥ ሰርቨሩ ላይ መሥራት ይችላሉ።