ሁለት ሰዓት በናይሮቢ

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ሳለሁ በልቤ የማስበው ግን ወደ ሩቅ ምድር፣ ወደ «አፍሪካ» እንደምሄድ ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ያሳፍራልም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. በከተማዬ ሲመሠረት ኬንያ ገና ነጻነቷን አልተቀዳጀችም ነበር። በዚያ ታሪክ እንኮራለን። ሆኖም እኔ ባደግሁበት ሰፈር «አፍሪካውያን» ከተባለ ወሬው ሁልጊዜ ስለ ሌሎች ሰዎች ነበር።

ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ይዣለሁ፤ በቃል ደግሞ አንድ አደራ። የሰጡኝ የወዳጄ እናት ናቸው። ሲሸኙኝ፣ «መቼ ነው የምትመጣው ብላሃለች በልልኝ» አሉኝ።

ወዳጄ ከሌላው አብሮ አደጋችን ጋር በስደት ናይሮቢ ከገባ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ወደ ሦስተኛ አገር የሚያሻግረውን ወረቀት ይጠብቃል። ሁለቱም በጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበሉኝ። ተቃቀፍን፤ ተላቀስን። ከዚያም ብዙ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት ወደ ኢስሊ ወሰዱኝ።

ክፍላቸው ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ ግን አንዲት ሚስማር እንኳ የለችም፤ ልብሳቸው እንደ ታጠፈ በሻንጣ ውስጥ ነው። «ነገ ለምንለቀው ቤት ምን ያደርጋል?» አለኝ አብሮ አደጋችን፣ ዓይኔ የት እንዳረፈ አይቶ። ያ «ነገ» ስምንት ዓመቱ ነው።

ምሽት ላይ በር ላይ ድንች የምትጠብስ አንዲት ኬንያዊት፣ ሰዓት ለጠየቃት ልጅ «ሳ ምቢሊ» ብላ መለሰች። «ሁለት ሰዓት ማለቷ ነው» አለኝ ወዳጄ። ስልኩ 8 ይላል። ለካስ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ኖሯል! ሌላ ዓለም ብዬ በመጣሁበት ምድር፣ ቀኑ የሚጀምረው እንደ እናቴ ቤት ፀሐይ ስትወጣ ነው። ደስታዬን አይቶ ወዳጄ ፈገግ አለ፤ «ሰዓቱስ እንደ አገሬ ነው፤ ያስቸገረኝ ዓመቱ ነው» አለኝ።

በርበሬውን ፈቶ አሸተተና መልሶ ቋጠረው። ቆየት ብሎ፣ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው አላለችም?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ የሌለውን ጥያቄ አንሥቼ ላስጨንቀው አልፈለግሁም። «አላሉም» አልሁት።

ዝም አለ። ከዚያ በቀስታ፣ «እንግዲያው መጠየቁን ተወች ማለት ነው» አለ።

እዝነት የመሰለኝ ውሸት ምን እንዳደረገ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰው የሚመለስበትን ቀን ባያውቅም፣ የሚጠይቅለት ሲኖር አገር አለው። እኔ ያችን አገር በአንዲት ቃል ነጠቅሁት። ወዲያው አመንሁ፤ አደራውን አንዲት ቃል ሳላጓድል በእናቱ ድምፅ ነገርሁት።

ፊቱ በራ። «እንደሱ አለች?» አለኝ ደጋግሞ። መልስ ግን አልሰጠኝም።

ስመለስ እናቱ ገና ከበር ጠየቁኝ። «መጠየቅዎን እንዳይተዉ ይፈልጋል» አልኋቸው። እንዴት እተዋለሁ ብለው ተቆጡኝ።