ፈረሱ ሄደ፣ አጥሩ ቀረ

ካንትሪ ክለብ ሲባል አብዛኛው ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው የጎልፍ ሜዳ ነው፤ እንደ ምንጣፍ የተስተካከለ ሣር፣ ነጭ ኳስ፣ ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች ዝግ ያለ እርምጃ። ክለቡ ለስፖርቱ ሲባል የተቋቋመ ይመስላል። የትውልድ ሐረጉን ለሚቆጥር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ የዚህ ዓይነቱ ክለብ ሁሉ አያት ተደርጎ የሚቆጠረው በማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን ጥግ በብሩክላይን ከተማ የሚገኘው ነው። የተመሠረተው በ1882 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ)። ስሙም «ዘ ካንትሪ ክለብ» ብቻ ነው፤ የሰፈርም የአገርም ስም አልተቀጠለበትም። እኩያ አለኝ ብሎ የማያስብ ሰው አባቱን ጨምሮ አይጠራም። በተመሠረተበት ዓመት ታዲያ በግቢው ውስጥ ጎልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ለምን ተሰባሰቡ ቢባል፣ የመሥራቾቹ የመጀመሪያ ሐሳብ ራሱ ይመሰክራል። የፈለጉት አባላት ከነቤተሰባቸው የሚያርፉበት ምቹ ቤት፣ ቀለል ያለ ምግብ ቤትና መኝታ ክፍሎች፣ ከዚያም የቦውሊንግና የሜዳ ቴኒስ ስፍራ፣ የፈረስ እሽቅድድም፣ አልፎ አልፎም የከሰዓት ሙዚቃ ነበር። ማዕዱና አልጋው ከሩጫው መቅደማቸውን ልብ ይሏል። ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ዓመት ልጨምር፤ በ1873 ቦስተን ጎረቤቶቿን እየጠቀለለች ሳለ ብሩክላይን በድምፅ ብልጫ «አልቀላቀልም» አለች። ከተማዋ አጥሯን ካጠረች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ፣ በአጥሩ ውስጥ ሌላ አጥር የቆመው። የእኔ ክርክር ይኸው ነው፦ በካንትሪ ክለብ ቤት ባለቤቱ አጥሩ ነው፣ ስፖርት ተከራይ ነው።

ተከራይ መሆኑ የታወቀው ጎልፍ ሲመጣ ነው። በ1892 መጨረሻ የክለቡ ኮሚቴ ስድስት ቀዳዳ ላለው ሙከራ 50 ዶላር ፈቀደ፤ ጨዋታውም በቀጣዩ ዓመት ተጀመረ። በመክፈቻው ቀን አርተር ሃነዌል የሚባል ሰው ኳሷን ሲመታ በአንድ ምት ቀዳዳዋ ውስጥ ገባች ይባላል። ፈረሰኞችና ዒላማ ተኳሾች የነበሩት ተመልካቾች ግን ቅንጣት አልተደነቁም፤ የጨዋታው ዓላማ ይኸው አይደል እንዴ? ይልቅ ሰውየው መድገም ሲያቅተው ቅር አላቸው። ወሬው እውነት ባይሆን እንኳ ጎልፍ ምን ያህል ባይተዋር ሆኖ እንደገባ ያሳያል። ባይተዋሩ ግን ውሎ አድሮ ነባሩን ተከራይ፣ ፈረሱን፣ አስወጣ። ስድስቱ ቀዳዳ እስከ ክፍለ ዘመኑ መባቻ 18 ደረሰ፣ ዛሬ 27 ነው፤ የፈረስ ውድድሩ የለም። የመጨረሻው ቀዳዳ የሚጫወቱበት ሣር የድሮውን የፈረስ መሮጫ አቋርጦ ያልፋል። ቴኒሱም፣ በበረዶ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱበት ከርሊንግም በየተራቸው ገብተዋል። የአባልነቱ በር ግን ከተከራይ ተከራይ ሲለዋወጥ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«የክለቦቹ ውለታስ?» የሚል ይኖራል። ደግ ጥያቄ ነው። በ1894 የአሜሪካን የጎልፍ ማኅበር ካቋቋሙት አምስት ክለቦች አንዱ ይኸው የብሩክላይኑ ነው፤ አንድ ወጥ ደንብና ብሔራዊ ውድድር የተገኘው ከእነሱ ነው፤ ያን ያህል መሬት ለኳስ የሚተው ሌላ ማን ነበር? ለዚህኛው ግን መልስ አለ፤ በኒው ዮርክ ቫን ኮርትላንድት ፓርክ በ1895 ለማንም ክፍት የሆነ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ፣ በቦስተንም ፍራንክሊን ፓርክ ወዲያው ተከተለ። ደንቡን ክለቦቹ ሰጡ ብንል ተጫዋቹን ብቻቸውን ሰጡ ማለት አንችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ዊሜትን የሚጠቅስ ነው። በ1913 የአሜሪካ ኦፕን የተባለው የጎልፍ ውድድር በዚሁ ክለብ ሲካሄድ ፍራንሲስ ዊሜት የተባለ የ20 ዓመት አማተር፣ የአትክልተኛ ልጅ፣ የዘመኑን ታላላቅ የብሪታኒያ ተጫዋቾች ሃሪ ቫርደንንና ቴድ ሬይን በመለያ ጨዋታ በ72 ምት ለ77 ለ78 ረታ። ዱላውን የተሸከመለት ኤዲ ላውሪ 10 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ በሩ ለድሃ ልጅም ክፍት ነበር ይባላል። ልጁ ግን የገባው በአባልነት በር አይደለም። በሕፃንነቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሜዳውን እያቋረጠ የጠፉ ኳሶች ይለቅም ነበር፤ ካደገ በኋላ በዚያው የሌሎችን ዱላ ተሸከመ፤ መጫወት ሲያምረው በትራም ተሳፍሮ ወደ ፍራንክሊን ፓርክ፣ ወደ ሕዝቡ ሜዳ ሄደ። ክለቡን በዓለም ያስጠራው ልጅ ወላጆች ቤት በክላይድ ጎዳና፣ ከ17ኛው ቀዳዳ ፊት ለፊት ነበር። በመካከላቸው ያለው ርቀት የአንድ መንገድ ስፋት ነው።