ከስብከት ማስታወሻዬ ሥር የደበቅሁት ክኒን

ማሾ በሚሰበሰብበት ሰሞን አንድ ወጣት ባል ከአምልኮ በኋላ ቆይቶ አንድ ብልቃጥ አሳየኝ። አሜሪካ ያለች አክስቱ የላከችለት ነው። "ፓስተር፣ ይህን ብውጥ እምነት ማጣት ይሆንብኛል?" አለኝ።

ብልቃጡን አየሁትና አፈርሁ። ዓይነቱን አውቀዋለሁ።

እኔና ባለቤቴ በተጋባን በስምንተኛው ዓመት ልጅ አልነበረንም። ከነገረ መለኮት ኮሌጅ ተመርቄ ሸዋ ሮቢት ማገልገል ጀምሬ ነበር። እኅቶች በየሳምንቱ በባለቤቴ ላይ እጅ ጭነው ይጸልያሉ። እናቴም "ልጄ ምን ጎደለው?" ትላለች። በእኔ ላይ እጁን የጫነ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጸልዩልኝ አላልሁም። በልቤ ግን እጠራጠር ስለነበር ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ዚንክና ሴሌኒየም ያለበትን ክኒን ከውጭ አስልኬ፣ በቢሮዬ መሳቢያ ከስብከት ማስታወሻዬ ሥር ደብቄ አንድ ዓመት ዋጥሁ። ክኒኑ ከምርመራ መሸሸጊያ ሆነልኝ።

እነዚህ አንቲኦክሲዳንት ይባላሉ። ሰውነታችን ኦክስጅን ሲጠቀም የሚፈጠሩ ጎጂ ቅንጣቶች ሲበዙ የወንድን ዘር ያበላሻሉ፤ ክኒኑ እነርሱን ይከላከላል ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በ2020 ውጤቱ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከ2,370 ጥንዶች መካከል ግማሾቹ ባሎች ዚንክና ፎሊክ አሲድ ለ6 ወር ወሰዱ፤ የቀሩት መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ወሰዱ። ልጅ በመውለድ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ የዘር ፈሳሽ ምርመራ አደረግሁ። ችግሩ የእኔ ነበር። ለእናቴ ባለቤቴ ባለችበት ነገርኋት፤ በሚቀጥለው እሑድ ለምእመናን ተናገርሁ። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም። ማታ ግን ቡና አፍልታ ጎረቤቶቿን ጠራች። ቡና መጥራት ከተወች ዓመታት አልፈው ነበር።

ልጅ አልወለድንም። የእኅቴን ልጅ አሳደግን፤ ዛሬ "አባዬ" የምትለኝ እርሷ ናት።

በዘፍጥረት 25 ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር፤ መንታዎቹ ሲወለዱ 60 ሞልቶታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ጉዳዩን የርብቃ ብቻ አድርጎ አልተወውም፤ ራሱ በጌታ ፊት ቆመ። እኔ ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ!

ለወጣቱ እንዲህ አልሁት፦ "ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት አይደለም። ግን ተመርምረሃል? ሚስትህስ ታውቃለች?" አንገቱን ደፋ።

ወንድሞቼ፣ ከመካንነት ችግር ግማሽ በሚሆነው የወንዱም ድርሻ አለበት። ኢንፌክሽን፣ በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ፣ ሲጋራ፣ ብዙ ሙቀት ዘርን ይጎዳሉ፤ ከእነዚህ የሚታከሙ አሉ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከ2019 ጀምሮ ያገለግላል። ምርመራውን አትፍሩ፤ ከሚስታችሁ ጋር ሂዱ።

አገልጋዮችም ለእኅቶች ስትጸልዩ ባሎቻቸውንም ጥሩ። እኔ ቀድሜ ባደረግሁት እላለሁ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።