እማዬ ማናሳስ ላይ ያገኘችው ጥድ

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተን ማናሳስ ገባን። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 እና በ1862 ሁለት ጊዜ ደም የፈሰሰበት፣ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ቦታ ነው። ልጆቹ ወደ መድፎቹ ሮጡ። ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እማዬ ግን ሜዳው ዳር ካለ ዛፍ ሥር ቆማ ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችና «ይኼማ የእኛ ጥድ ነው!» አለች።

ብዙም አልተሳሳተችም። አሜሪካኖቹ «ሬድ ሲዳር» ቢሉትም ከሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው። ታርሶ የተተወ መሬት ላይ ቀድመው ከሚበቅሉት ዛፎች አንዱ እሱ ነው፤ ድንጋያማ መሬት አያስከፋውም፣ ፀሐይ ብቻ ያግኝ። ሰማያዊ ፍሬውን የበሉ ወፎች አጥር ላይ አርፈው ዘሩን ከኩሳቸው ጋር ስለሚጥሉት፣ ብዙ ጊዜ የድሮ አጥር መሥመር ተከትሎ ተሰልፎ ይገኛል።

ጫካው ውስጥ ዘለቅ ስንል ግን ከላይ የነገሠው ኦክ ነው። ስኩዊረሎች ቀብረው የረሱት የኦክ ፍሬ ጥዶቹ ሥር ይበቅላል፤ ቀስ እያለ ያድግና ይበልጣቸዋል፣ ፀሐይም ይከለክላቸዋል። እንጨታቸው ቶሎ ስለማይበሰብስ ደርቀውም ግራጫ ሆነው ይቆማሉ።

«ያስጠለለውን ገደለ በሉኛ!» አለች እማዬ፣ ከልቧ ተቀይማ።

(በበጋ ከሄዳችሁ የልጆቹን እግር ለመዥገር ፈትሹ።)

ከፓርኩ ቅርንጫፍ ቆርጦ መውሰድ ክልክል ነው። እማዬ እስከ ቤት ድረስ ጣቷን እያሸተተች ሄደች።