አባት መትረየስ፣ ልጅ ክትባት

ዴንማርክ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ቅቤ፣ ብስክሌትና እርጋታ ነው። እኔም ከዚህ ብዙም አልርቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ኮፐንሃገን የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የጦር ሙዚየሙን አስጎበኘችኝ። ንጉሥ ክርስቲያን 4ኛ ከ400 ዓመት በፊት ያሠራው ግምጃ ቤት ነው፤ የመድፍ አዳራሹ ብቻ ርዝመቱ ከ150 ሜትር ያልፋል።

«ይሄ ሁሉ መድፍ እያላቸው ነው እንዴ በ1940 በጥቂት ሰዓት እጅ የሰጡት?» አለችኝ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) መልሱ እንኳ ቀላል ነው። በ1864 የፕሩሲያ አዳዲስ መድፎች ከሩቅ እየቀጠቀጡ ሰባብረዋቸው ሰፊ ግዛት ካጡ በኋላ «ትንሽ አገር ነን፣ ገለልተኛ እንሁን» ማለትን ለመዱ።

እኔን የገረመኝ ግን ገለልተኛው አገር ምን ይሸጥ እንደነበር ነው። ማድሰን የሚባል መትረየስ አለ። ክብደቱ 9 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጎበጥ ያለ ካዝናው ከላይ ይሰካል፤ አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ ይሮጥበታል። በዚያ ዘመን መትረየስ ማለት እንደ መድፍ በመንኮራኩር የሚጎተት ከባድ ነገር ነበርና ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። የዴንማርክ ጦር በ1902 ተቀበለው። ስሙን ያገኘው ከመድፈኛው መኮንን ከቪልሄልም ማድሰን ሲሆን፣ ልብ በሉልኝ፣ ሰውየው ያኔ የጦር ሚኒስትር ነበሩ! በስማቸው የሚጠራ መሣሪያ፣ እሳቸው በሚመሩት መሥሪያ ቤት። እኛ ዘንድ ቢሆን ስንት እንባባል ነበር።

በ1904 ሩሲያ ከጃፓን ጋር ስትዋጋ ማድሰን ይዛ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩሲያም ጀርመንም ታጥቀውታል፤ ዴንማርክ ግን ገለልተኛ ነበረች። ከ30 በላይ አገሮች ገዝተውታል። የሪዮ ዴ ጄኔሮ ፖሊሶች እኮ በዚህ ክፍለ ዘመን ሳይቀር ዕፅ ነጋዴዎችን በእሱ ገጥመዋል። አገሩ በሰላም እያደረች መትረየሱ መቶ ዓመት ሲዋጋ ኖረ።

አሁን ልጁን ላምጣው። የሚኒስትሩ ልጅ ቶርቫልድ ማድሰን ሐኪም ነበር። መትረየሱ ጦር ሠራዊት በገባበት በዚያው በ1902 ኮፐንሃገን ውስጥ የመንግሥት የሴረም ተቋም ተከፈተ፤ ልጅየውም ኋላ ለ30 ዓመት ገደማ መራው። ፋሮ ደሴቶች ላይ ትክትክ ሲነሳ ክትባት ሞክሮ ውጤቱን ለዓለም አሳወቀ። የመንግሥታቱ ማኅበር የጤና ኮሚቴም ሰብሳቢ ሆነ።

«የአባቱን ዕዳ ሊከፍል ነዋ!» አለች የአክስቴ ልጅ። ደስ ይላል፤ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ልጅየው ላቦራቶሪ የገባው መትረየሱ ከመታወቁ በፊት ነው። ደግሞስ በሌላ አገር ልጅ ላይ የተተኮሰን ጥይት ክትባት ይከፍለዋል? ለእኔ የሚታየኝ ሌላ ነው፦ አንድ መንግሥት፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ቤተሰብ። ሁለቱንም የሠራው ያው ጥንቁቅ እጅ ነው። ጥሩ ብረት ቀጥቃጭ የሆነ አገር ምን እንደሚቀጠቅጥ የሚወስነው ገዢው ነው መሰለኝ፤ ገለልተኛነቱም እዚህ ላይ ይሳሳብኛል።

ከሙዚየሙ ወጥተን ቡና ስንጠጣ ወሬው ወደ ዛሬ ዞረ። በ2023 ዴንማርክ ከፈረንሳይ ያዘዘቻቸውን 19 ሴዛር መድፎች በሙሉ ለዩክሬን ለመስጠት ወሰነች። በጎ ነው ያለ አለ፤ ራሳችንን ባዶ አስቀረን ያለም አለ። በ2008 ለስፔን ኩባንያ የሸጠችውን የኤሊንግ የጥይት ፋብሪካም በዚያው ዓመት መንግሥት መልሶ እጁ አስገባ። የሴረም ተቋሙ የክትባት ማምረቻም በ2017 ለአንድ የሳዑዲ ኩባንያ ተሸጧል። ስለ እሱ ግን እንዲህ ያለ ጥድፊያ አላየሁም።