ግጥሙ የጠፋባት ዘፋኝ

ባለፈው ዓመት በግቢያችን በተደረገው የግጥም ምሽት ላይ ምን እንደ ደረሰብኝ የሚያስታውሱ ወዳጆች ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ሳይኖሩ አይቀሩም። ላላዩት ልንገራቸው፤ ያዩት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ስለሚሰቃዩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግጥሙ የራሴ ነበር፤ 24 ስንኝ። ወረቀቱን «ምን ሊሠራልኝ!» ብዬ አልጋዬ ላይ ጥዬው ወጣሁ። ዐሥራ አንዱን ስንኝ በሚገባ አልኩ። ዐሥራ ሁለተኛው ግን ጠፋ። ይመጣ እንደሆነ ብዬ ዐሥራ አንደኛውን ደገምኩት፤ አልመጣም። ሦስተኛ ጊዜ ደገምኩት፤ ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። ከዚያ ጥቂት ቆሜ፣ እጅ ነሥቼ ወረድኩ። አዳራሹ ሊያጽናናኝ አጨበጨበ፤ ያ ጭብጨባ ከሣቁ የባሰ ነበር።

ታላቅ እህቴ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እስከ ውጪው በር ድረስ ስሸኛት ስለ ግጥሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ታክሲ መወደድ ብቻ እያወራችኝ ሄድን።

ይህን ያነሣሁት ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። (በከፊል ነው እንጂ።) ነገሬ ስለ አንዲት አሜሪካዊት ዘፋኝ ነው።

በመኝታ ክፍላችን ስድስት ነን። ከስድስታችን አንዱ የምህንድስና ተማሪ ሲሆን የድሮ የአሜሪካን ዘፈን በሽታ አለበት። ማታ ማታ ከስልኩ ጋር በምትያያዝ፣ ጭብጥ በማትሞላ ማጉያ የኮል ፖርተርንና የገርሽዊንን ዜማ ይለቅብናል፤ ብንቃወምም አይሰማንም። ለእርሱ የዘፈን ሁሉ ቁንጮ የኤላ ፊትዝጄራልድ «ሶንግ ቡክ» የሚባሉት ተከታታይ ሸክላዎች ናቸው። ከ1956 እስከ 1964 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በስቱዲዮ የተቀዱ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ታላቅ ደራሲ ወይም በአንድ ጥንድ ደራሲያን ሥራ ላይ የቆሙ ናቸው። እኔም ከክፍሉ መውጫ ስለሌለኝ ሰማኋቸው። እውነቱን ለመናገር እንከን አይገኝባቸውም፤ እንከን ስለማይገኝባቸውም ይመስለኛል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከግጥሙ ምሽት በኋላ ለብዙ ቀን ፊቴን አጥቁሬ ከረምኩ። በአንዱ ማታ ይኸው ጓደኛችን ምንም ሳይለኝ ሌላ ቅጂ ከፈተ። ኤላ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 በምዕራብ በርሊን፣ ዶይችላንድሃለ በሚባለው ታላቅ አዳራሽ በሕዝብ ፊት የዘፈነችው ነው። አዳራሹ በ2011 ፈርሷል፤ የዚያች ሌሊት ድምፅ ግን አለ። ከኋላዋ አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ፖል ስሚዝ በፒያኖ፣ ጂም ሆል በጊታር፣ ዊልፍሬድ ሚድልብሩክስ በባስ፣ ገስ ጆንሰን በከበሮ። በስቱዲዮው ሸክላ እንደሚሰማው ያለ የቫዮሊን ሠራዊት የለም። «ሚስቲ»ን ቀስ አድርጋ ስትዘፍን ያ ሁሉ ሕዝብ ትንፋሹን ሲውጥ ይታወቃል፤ ጸጥታም እንደሚቀዳ ያን ጊዜ ገባኝ።

ለማያውቁት፣ «ስታንዳርድ» የሚባሉት ዘፈኖች በአብዛኛው ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ለኒውዮርክ ትያትር ቤቶችና ለፊልም የተደረሱ፣ በኋላ ግን ዘፋኝ ሁሉ የሚጫወታቸው የጋራ ንብረት የሆኑ ናቸው። ብዙዎቹ 32 ባር አላቸው፤ በስምንት በስምንት ተከፍለው አራት ቤት ይሆናሉ። ልኩ አይለወጥም፤ በልኩ ውስጥ ግን ዘፋኙ የፈለገውን ይሠራል። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ነገሩ አይጠፋውም፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ባለቅኔው ግን የትናንቱን ደግሞ ቢያመጣ ይሣቅበታል።

ከዚያ «ማክ ዘ ናይፍ» መጣ። ይህ ዘፈን በትውልዱ አሜሪካዊ አይደለም። ኩርት ቫይልና በርቶልት ብሬሽት በ1928 እዚያው በርሊን ለታየው «የሦስት ሳንቲም ኦፔራ» የደረሱት ነው። ማርክ ብሊትዝስታይን ወደ እንግሊዝኛ መልሶት፣ ሉዊ አርምስትሮንግና ቦቢ ዳሪን ዘፍነውት፣ አሜሪካን አገር ገብቶ ለመደ። ኤላ ወደ ተወለደበት ከተማ መልሳ ወሰደችው ማለት ነው። ሳትጀምር ለሕዝቡ ሁለት ነገር ትናገራለች፦ ሴት ስትዘፍነው ገና እንዳልሰሙ፣ ግጥሙንም ሁሉ ታስታውሰው ዘንድ ተስፋ እንደምታደርግ። እኔ በዚህ ጊዜ ተጋድሜ ነበር።

የዘፈኑ ተንኮል አዝማች የሌለው መሆኑ ነው። አንድ አጭር ዜማ ይደጋገማል፤ በየዙሩ አዲስ ስምና አዲስ ወንጀል ይመጣል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል ዜማው አይነግርህም። ኤላ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደህና ተወጣቻቸው። ከዚያ ጠፋት። እኔም ከአልጋዬ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

ከበሮው አልቆመም፤ ፒያኖው አልቆመም፤ እርሷም አልቆመችም። የጠፋውን ቃል መፈለግ ትታ መጥፋቱን ራሱን ዘፈነችው። ቀጥሎ የሚመጣውን እንደማታውቀው፣ ዳሪንና አርምስትሮንግ ቀድመው በሸክላ እንዳወጡት፣ አሁን ደግሞ እርሷና ባልደረቦቿ ዘፈኑን እያበላሹት መሆናቸውን በዜማው ልክ እየሰደረች፣ ቤት እየመታች ነገረቻቸው! ቀጥላ የአርምስትሮንግን ሻካራ ጉሮሮ አስመስላ አንጎራጎረች። ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የማጽናኛ ጭብጨባ ግን አልነበረም። የማጽናኛውን እኔ በደንብ አውቀዋለሁ።

አሳታሚው ኖርማን ግራንዝ ይህን ዘፈን ከሸክላው ማውጣት ይችል ነበር፤ የሸክላውን ስም አደረገው እንጂ። በ1961 ግራሚ የተባለውን ሽልማት በዘፈኑ አንድ፣ በሸክላው አንድ አስገኘላት።

በዚያ ማታ አራት ጊዜ አስደገምኩት። አምስተኛውን ጎረቤቶቻችን ግድግዳውን በመደብደብ ከለከሉን። በደስታ ሰክሬ ለምህንድስናው ሰው «ለካ መርሳት ምንም አይደለም!» አልኩት። እርሱ መነጽሩን እየጠረገ «አንተ ብትረሳ ግራሚ የሚሰጡህ ይመስልሃል?» አለኝ። በጣም ተቀየምኩት፤ ሁለት ቀን ሰላምታም አልሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን የሸክላውን መጨረሻ ዘፈን አሰማኝ፤ «ሃው ሃይ ዘ ሙን» ይባላል፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ጊዜ ግጥሙን ትለውና ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው ቃል አልባ ነው፤ ስካት ይሉታል። ድምፅዋ መለከት ይሆናል፤ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ትዘላለች፤ ቻርሊ ፓርከር በዚሁ ዘፈን መሠረት ላይ ያቆመውን «ኦርኒቶሎጂ»ን ታስገባለች፤ ወደ ማብቂያው ላይ ዓይንን ጭስ ስለ መሙላቱ የሚናገረውን የጄሮም ከርንን ዘፈን አንሥታ ጭሱን በላብ ትለውጠዋለች፤ በእውነትም አልቧት ይሆናል። ጓደኛዬ በዚህ ሁሉ ጊዜ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በጣቱ ይቆጥር ነበር። 32 ሲሞላ ቀና ብሎ ያየኛል፤ እርሷም ልክ በዚያው ቦታ ትገኛለች። እንደገና 32፤ አሁንም እዚያው። «አየህ፣ አልጠፋችም» አለኝ። «የጠፋባት ቃሉ ብቻ ነው።»

ታረቅን።

ይህን ከየት አመጣችው ብሎ ለሚጠይቅ፣ ኤላ በ1917 ተወልዳ፣ በ1934 በሃርለም አፖሎ ትያትር ለጀማሪዎች ውድድር የወጣችው ልትደንስ ነበር። ከእርሷ በፊት የደነሱትን አይታ ፈራችና በዚያው መድረክ ላይ መዝፈን መረጠች። በሚቀጥለው ዓመት የቺክ ዌብ ባንድ ውስጥ ገብታ ሳቮይ በሚባለው የዳንስ አዳራሽ ሌሊት ሌሊት ትዘፍን ጀመር። ዳንሰኛ ደግሞ ዘፋኟ ግጥም ረሳች ብሎ እግሩን አያቆምም። በርሊን ስትደርስ የሃያ አምስት ዓመት ሠራተኛ ነበረች። ያ ሁሉ ሥራ በገዛ አገሯ ክብር ሰጥቷት ነበር ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ግራንዝ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ እንዳይቀመጥ ባዘዘበት በ1955ቱ የሂዩስተን ትርኢት ፖሊሶች ከመልበሻ ክፍሏ ይዘው ጣቢያ እንደ ወሰዷት ይወቅ።

ወደ እኔ ጉዳይ ልመለስና፣ በዚያው ሳምንት ግጥሜን አወጣሁና ዐሥራ ሁለተኛውን ስንኝ አነበብኩት። አንባቢ ሆይ፣ ስንኙ ባዶ ነበር! ለቤት መምቻ ብቻ የገባ፣ ከላይኛውም ከታችኛውም ጋር ዝምድና የሌለው ስንኝ። እንደ ዶቃ በክር ሰካክቼ አጥንቼው ስለ ነበር አንዱ ሲወልቅ ሁሉም ተበተነ። ግጥሙ ወዴት እንደሚሄድ ባውቅ ኖሮ በስድ ንባብም ቢሆን እጨርሰው ነበር፤ ጸሐፊው እኔ ሆኜ ሳለሁ ግን አላውቅም ነበር። ስለ መርሳቴ ያፈርኩትን ያህል ስለዚህ አለማፈሬ አሁን ይገርመኛል።

ከጓደኛዬ ጋር እስካሁን አልተስማማንም። እርሱ ስቱዲዮውን ይመርጣል፤ ደራሲው የጻፈውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መስማት ለሚፈልግ ትክክል ነው። በሕዝብ ፊት የተቀዳ ሁሉ ደግሞ መልካም አይደለም፤ ጭብጨባ ብቻ የሆነ ብዙ አለ። እኔ ግን በ41ኛ ዓመት ልደቷ ቀን በ1958 ሮም ላይ የዘፈነችውን፣ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ በ1988 የወጣውን ቅጂ ጨመርኩበት። በ1962 እንደገና በርሊን ሄዳ የዘፈነችውም በ2020 ወጥቷል፤ ያንኑ «ማክ ዘ ናይፍ»ን ደፍራ ደገመችው።

የማኅበሩ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ለመጪው የግጥም ምሽት ስም አስገባ ካለኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። ትናንት አስገባሁ። ግጥሙ ያው ነው፤ አሁን 19 ስንኝ ሆኗል። ወረቀቱን ልያዝ ወይስ ልተወው ገና አልቆረጥኩም። ለእህቴ ግን ነግሬያታለሁ፤ የታክሲዋን እኔ እንደምከፍልም ጭምር።