አደይና መጭ

ዛሬ ስለ አደይ አበባ ልጽፍላችሁ ነው። «አደይን የማያውቅ ማን አለ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

አምና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አያቴ «አደይ ቆርጠሽ አምጪልኝ» ብላ ላከችኝ። አደዩ ያለው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከቦዩ ባሻገር ነው። እኔ ግን ከጓደኞቼ ጋር አበባዮሽ ስንለማመድ መሸብኝ። ዝናቡም መጣ። ስለዚህ ከቤታችን ጀርባ ካለው ማሳ ዳር ቢጫ አበባ እቅፍ ሙሉ ቆርጬ ሮጥኩ። አደይ እንዳልሆነ ጠርጥሬ ነበር። ግን አያቴ ዓይኗ ደክሟል። «ቢጫ ያው ቢጫ ነው፣ በምን ታውቃለች?» አልኩ በልቤ።

አያቴ አበባውን አላየችውም፤ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ እኮ መጭ ነው» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! አበባውን ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔም በዓሉን ሙሉ እሱን ባየሁ ቁጥር አፈርኩ።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳትና እጇን ይዤ መንገድ ዳር ወሰድኳት። እዚያ ሁለቱንም እያስዳሰሰች አስተማረችኝ። የአደይ ቅጠል የተተለተለ ነው፤ ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ቀጠን ቀጠን ይላል። የመጭ ቅጠል ግን አይከፋፈልም። ረዘም ብሎ ግንዱን እቅፍ ያደርጋል፤ ሲነኩት ደግሞ ይሻክራል። መጭ የኑግ ዘመድ ስለሆነ አበባቸው ይመሳሰላል።

የሳይንስ መምህራችንን ስጠይቅ ደግሞ አንድ አደይ የምንለው ብዙ ትንንሽ አበቦች ተሰብስበው መሆኑን ነገሩኝ። ዙሪያውን ያሉት ቢጫዎቹ እንደ ባንዲራ ንቦችን ይጠራሉ፤ ዘር የሚሆኑት መሀል ያሉት ናቸው። አደይ የሚባለውም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ልብሳችን ላይ የሚለጠፈው ጨጎጊት እንኳን የቅርብ ዘመዱ ነው አሉኝ። በጣም ነው የገረመኝ!

ዘንድሮ በዋዜማው በጠዋት ሄጄ አመጣሁላት። አያቴ እንደ አምናው ቅጠሉን ዳሰሰችና ሳቅ ብላ «ቦዩን ተሻገርሽ ማለት ነው» አለችኝ።

ጓደኞቼ፣ እናንተም አበባ ስትቆርጡ ቀለሙን ብቻ አትዩ፤ ቅጠሉንም እዩ። ከነሥሩም አትንቀሉት፣ ለከርሞ ዘር የሚሆን ተዉለት። መልካም የትምህርት ዘመን!

ከ7ኛ «ለ» ክፍል